ሮም ዳምፕ ምንድን ነው?

አዳማ ውስጥ የሠርግ ባንድ ያገለገለ የድሮ ኪቦርድ ሲከፈት፣ ቦርዱ ላይ ስቲከር የተለጠፈበት ወፍራም አይሲ (ባለ ብዙ እግር ቺፕ) ብዙ ጊዜ ይገኛል። ኢፕሮም ነው፤ ማለትም በብርሃን ሊሰረዝ የሚችል የሮም (መብራት ቢጠፋም የማይረሳ ሜሞሪ) ዓይነት፤ ኪቦርዱ ሲበራ የሚሠራው ፕሮግራም እዚያ ተቀምጧል። ያንን ፕሮግራም ባይት በባይት አንብቦ ኮምፒውተር ላይ ፋይል ማድረግ ሮም ዳምፕ ይባላል። የሰርኪዩት ስዕሉ የጠፋ ዕቃ እንዴት እንደሚሠራ መፈልፈል የሚጀመረው ከዚህ ነው።

ስቲከሩን አትላጡ። ከሥሩ መስታወት አለ፤ አይሲው የሚሰረዘው በዚያ በሚገባ አልትራቫዮሌት ነው። ቀጥተኛ ፀሐይ በሳምንት ገደማ ይሰርዘዋል፤ አዳማ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚሠራ ሰው ይህን ይያዝ።

27256 የተባለው 32,768 ባይት ይይዛል። ከ28 እግሮቹ 15ቱ አድራሻ፣ 8ቱ ዳታ ናቸው። በቀጭን ካቻቢቴ ከሁለቱም ጫፍ ተራ በተራ ከሶኬቱ አንሱት፤ በአንድ ወገን ብቻ ከተነሳ እግሩ ይታጠፋል። ፕሮግራመሩ ላይ፣ ማለትም አይሲውን በሚያነበውና በሚጽፍበት መሣሪያ ላይ፣ ገልብጦ ማስገባት ያቃጥለዋል። «ሪድ» በሚለው ፈንታ «ራይት» ከተነካ ደግሞ ያለው ይበላሻል።

አንድ ንባብ ዳምፕ አይባልም። እያወጣችሁ እያስገባችሁ ሦስቴ አንብቡና ፋይሎቹን አወዳድሩ። ከተለያዩ መጀመሪያ የጠቆሩትን እግሮች በላጲስ ጥረጉ። ሁሉም ባይት 255 ከሆነ ወይ እግሩ ከሶኬቱ ጋር አልነካካም፣ ወይ ተሰርዟል። ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ 0 የነበረው ቢት 1 እየሆነ ከመጣ ሴሉ (አንዱን ቢት የሚይዘው ክፍል) ውስጥ የታሰረው ቻርጅ እየፈሰሰ ነው። ያኔ ቮልቴጁን ከ5 ወደ 4.5 ዝቅ ማድረግ አንዳንዴ ያድናል፤ የደከመው ሴል በዝቅተኛ ቮልቴጅ ቶሎ አይከፈትምና።

ቀጥሎ የፕሮግራሙን መነሻ መፈለግ ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው ያማሃ ዲኤክስ7 ኪቦርድ ውስጥ ያለው የሂታቺ 6303 ፕሮሰሰር ሲበራ የሚነሳበትን አድራሻ የሚያገኘው ከዳምፑ መጨረሻ ሁለት ባይቶች ነው። 192 እና 0 ከሆኑ 192 በ256 ተባዝቶ 49,152 ይሆናል፤ ባይቶቹን ወደ ፕሮሰሰሩ ትእዛዞች መተርጎም ከዚያ አድራሻ ይጀመራል።

ባለቤቱ ራሱ ያዘጋጃቸው የማሲንቆና የዋሽንት ድምፆች ግን ዳምፑ ውስጥ የሉም። እነሱ በ3 ቮልት ባትሪ የሚቆይ ራም (ኃይል ሲቋረጥ የሚረሳ ሜሞሪ) ላይ ናቸው፤ ባትሪው ከመነቀሉ በፊት በሚዲ (የሙዚቃ መሣሪያዎች ዳታ በሚለዋወጡበት መስመር) ወደ ኮምፒውተር ይውጡ።