የሕንፃ ብርሃን ንድፍና ጀማሪ ባለሙያዎቹ በጎጃም

የሕንፃ ብርሃን ንድፍ ከመብራት ዝርጋታ ይለያል። ኤሌክትሪሻኑ መስመር ይዘረጋል፣ አምፖል ይሰቅላል። የብርሃን ንድፍ ባለሙያው ደግሞ ሰው ሲገባ ዐይኑ መጀመሪያ የት እንደሚያርፍ፣ ምኑ ፈካ ብሎ ምኑ ደብዘዝ እንደሚል ይወስናል። የፀሐዩም የአምፖሉም ብርሃን ሥራው ነው።

በዓለምም ቢሆን ገና ወጣት ሙያ ነው። የብርሃን ንድፍ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ከዚያ በፊት መንገድ ከጠረጉት አንዱ አሜሪካዊው ሪቻርድ ኬሊ ነው። ኬሊ ብርሃንን ሦስት ቦታ ይከፍለዋል፦ ቦታውን ሁሉ የሚያለብስ፣ አንድ ነገር ላይ የሚያተኩር፣ ለዐይን የሚጫወት ብልጭታ። ሦስተኛውን የጎጃም ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል። በማኅሌት ሌሊት የጧፉ ነበልባል ጸናጽሉ ላይ ሲያብረቀርቅ ማለት ነው።

በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ ሥራው አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ሙያ ውስጥ ተሸጉጦ ይሠራል። ፕላኑ ላይ በየክፍሉ መሃል አንድ ክብ ምልክት ይደረጋል። ቀሪው ፊኒሺንግ ላይ ይወሰናል፤ ያኔ ጂብሰም ኮርኒሱ ተሠርቷል፣ ገንዘቡም አልቋል። ኤሌክትሪሻኑ የሚከፈለው በፖይንት፣ ማለትም በሚዘረጋው የመብራት ነጥብ ቁጥር ነው። እናም ስፖቱ፣ ኮርኒሱ ውስጥ የሚገባው ትንሽ መብራት፣ በዛ ይላል።

ወደዚህ ሙያ የሚገቡት በአብዛኛው የአርክቴክቸርና የኤሌክትሪክ ምሩቃን ናቸው። ባሕር ዳር ለኤሌክትሪኩ አዲስ አይደለችም። ዛሬ የዩኒቨርሲቲው አካል የሆነው ፖሊቴክኒክ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተከፈተው በ1955 ዓ.ም. ነው። ችግሩ ሁለቱ ሙያዎች አንድ ክፍል ውስጥ አለመገናኘታቸው ነው። አንዱ ስለ ውበት ያወራል፣ ሌላው ስለ ዋት።

ውጭ አገር ጀማሪን የሚደግፉ መንገዶች ብዙ ናቸው፦ የተማሪ አባልነት፣ የትምህርት ድጎማ፣ ከአንጋፋ ባለሙያ ጋር ማጣመር። እዚህ ሆኖም የሚገኝ አለ። ዲያሉክስ የተባለው የጀርመን ሶፍትዌር በነፃ ይወርዳል፤ የክፍሉን ብርሃን በሉክስ፣ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን በሚለካበት መለኪያ፣ አስልቶ ያሳያል። ግን ስሌቱ የአምፖሉን የብርሃን ስርጭት መረጃ ይፈልጋል። ከገበያ የሚገዛ ስም የለሽ አምፖል ደግሞ ይህ መረጃ የለውም። ስለዚህ ጀማሪው ሉክስ ሜትር ይዞ ራሱ መለካት አለበት። እንደኔ ይህ ጉዳት ብቻ አይደለም፤ የለካ ሰው አይረሳም።

አሠራሩን በተመለከተ ጎጃም ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በቅኔ ቤት ጀማሪ በረጅሙ ቅኔ በመወድስ አይጀምርም። ሁለት ቤት ባላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል። የቀደመው ተማሪ ያቃናለታል፣ የኔታም ይሰሙታል። ለብርሃን ጀማሪም እንዲሁ ሙሉ ሆቴል ሳይሆን አንድ ኮሪደር፣ አንድ ግድግዳ፣ አንድ የሱቅ መስኮት መስጠት ነው። ከዚያ ማታ አብሮ ሄዶ ማረም። በቀን የታረመ የብርሃን ሥራ ግማሹ ሳይታይ ይቀራል።

መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ጀማሪ የሚሳሳተው ፀሐይ ላይ ነው። የአውሮፓ መጻሕፍት ወደ ሰሜን የተከፈተ መስኮት ፀሐይ አይገባበትም፣ ብርሃኑም የተረጋጋ ነው ይላሉ። ባሕር ዳር ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ አካባቢ ናት። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ያለችው በሰሜን በኩል ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ አዘንብላ፣ በረንዳ አልፋ ትገባለች። ሁለቱም ጎን ጥላ ይፈልጋል። ምሽቱም ቶሎ ይጨልማል፤ የአውሮፓ ዓይነት ረጅም ድንግዝግዝ እዚህ የለም።

ትልቁ መማሪያ ግን የዘጌ ገዳማት ናቸው። እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያለ ክብ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ መጀመሪያ ጨለማ ነው። ትልልቆቹ በሮች ሲከፈቱ የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎች ቀስ እያሉ ይወጣሉ። ዐይን ጨለማውን ስለለመደ ትንሽ ብርሃን ይበቃዋል። እዚያ ጠንካራ ነጭ አምፖል ማንጠልጠል ሁለት ጥፋት ነው፦ ድባቡን ይገድላል፣ ቀለሙንም ያደበዝዛል። ሙዚየሞች በብርሃን ቶሎ ለሚጎዱ ቅርሶች የሚወስኑት 50 ሉክስ ያህል ነው። ወጣቱን ለአንድ ሳምንት እዚያ አስቀምጦ በየሰዓቱ እንዲለካ ማድረግ ከአንድ ሴሚስተር ትምህርት የሚተናነስ አይመስለኝም።

ከቤት ውጭ ያለው ሥራ ሌላ ጥንቃቄ አለው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የባሕር ዳር አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ መብራቱ መንገዱን እንጂ ውኃውን ማጥለቅለቅ የለበትም። ጉማሬ ከውኃው ሣር ለመጋጥ የሚወጣው በሌሊት ነውና ብርሃኑ ሊረብሸው ይችላል።

መብራት መጥፋቱ ደግሞ የታወቀ ነው። በጄኔሬተር ወይም በባትሪ የትኞቹ አምፖሎች እንደሚቀሩ ገና ንድፉ ላይ መለየት አለበት። ጀማሪ ይህን ይረሳል፤ አንዴ ደረጃ ላይ ጨለማ ሲይዘው ያስታውሳል።

ስለ ክፍያም ቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ባለቤቱ ለጂብሰም እንጂ ለሐሳብ መክፈል አልለመደም። ወረቀት ከማሳየት አንድ ክፍል በጊዜያዊ ገመድ አብርቶ ማታ ቡና እያጠጡ ማሳየት ይሻላል። ከኤሌክትሪሻኑም ጋር ቀድሞ መስማማት ነው። ጥሩ ንድፍ ብዙ ጊዜ ፖይንት ይቀንሳል፣ እሱ ደግሞ የሚኖረው በፖይንት ነው። ዋጋው በቀን ወይም በክፍል ካልተቆረጠ የተሰረዘው ስፖት ሁሉ ተመልሶ ኮርኒሱ ላይ ይገኛል።