ማትሪክ፦ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና

ኢትዮጵያ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የሚገባውን ከማይገባው የሚለየው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ስሙ ተደጋግሞ ተቀይሯል፤ ሕዝቡ ግን ዛሬም «ማትሪክ» ይለዋል። የሚያዘጋጀው የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው።

ትምህርት ቤት የሰጠው ማርክ እዚህ ብዙም ዋጋ የለውም። ትራንስክሪፕቱ ላይ 95 የተደረደረለትም፣ 60 የያዘውም ፈተናው ፊት እኩል ናቸው። ደግሞም ልክ ነው። የክፍል ማርክ እንዴት እንደሚለገስ ልጅ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል፤ በተለይ ከፋዩ ወላጅ ሲሆን።

በቀድሞው ማትሪክ ውጤቱ ከኤ እስከ ኤፍ ተሰጥቶ ከ4 ነጥብ ይሰላ ነበር። «ፎር ፖይንት» ያመጣ ልጅ የሰፈር ኩራት ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ይህ ቀረና 10ኛ ክፍል ላይ አንድ፣ 12ኛ ላይ ሌላ ፈተና መጣ። የ10ኛው ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ነው።

ግንቦት 2008 ላይ የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ተለቀቀ። መንግሥት ፈተናውን በመጀመሪያው ቀን ሰርዞ በሰኔ መጨረሻ በአዲስ መልክ ሰጠ። በፈተናው ሰሞን ማኅበራዊ ሚዲያ ለቀናት ተዘጋ። ከዚያ በኋላም ኩረጃው አልቆመም፤ እንዲያውም በቴሌግራም ዘመን ባሰ። ልጆቹ የሚፈተኑት በገዛ ትምህርት ቤታቸው ነበር። ጎበዙ ከፊት ይቀመጣል፣ መልሱ ወረፋ ጠብቆ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2015 መጀመሪያ ነው። የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እንዲሰጥ አደረጉ። ተፈታኞች ብርድ ልብስና አንሶላቸውን ተሸክመው በአውቶቡስ ተጓዙ፤ ዶርም ገቡ፣ ካፌ በሉ። ሞባይል ክልክል ነው። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲ ሲረግጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ለአብዛኞቹም የመጨረሻቸው ሳይሆን አልቀረም። አማራ ክልል ባሉ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ከ12 ሺህ በላይ ተማሪዎች ፈተናውን ጥለው ወጡ። ምክንያቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ጥር 2015 ላይ ውጤቱ ሲነገር አገሩ ደነገጠ። ከ896,520 ተፈታኞች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 ከመቶ መሆኑ ነው። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በዚያው በ2015 መጨረሻ በተሰጠው ቀጣዩ ፈተና 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 ከመቶ አለፉ። በ2017 ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 አለፉ፤ 8.4 ከመቶ ማለት ነው። መቶኛው ከፍ ሲል የተፈታኙ ቁጥር ግን በሦስት ዓመት ውስጥ ከ300 ሺህ በላይ ቀንሷል። ለዚህ አንዱ ምክንያት በአማራ ክልል ያለው ጦርነት ነው።

ደጋፊዎቹ «በመጨረሻ እውነተኛው ውጤት ታየ» ይላሉ፤ በኩረጃው ላይ አልተሳሳቱም። ተቺዎቹ ደግሞ ቤተ ሙከራ አይቶ የማያውቅን የገጠር ልጅ ከአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ልጅ ጋር በአንድ ወረቀት መለካት ፍትሕ ነው ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ከዚህ በፊት መቁረጫ ነጥቡ ለሴቶች፣ ለታዳጊ ክልሎችና ለአካል ጉዳተኞች ዝቅ ይል ነበር። 50 ከመቶው ግን ለሁሉም አንድ ሆነ።

ክፍተቱን ለመሙላት ሪሚዲያል የሚባል ፕሮግራም ተጀመረ። 50 ያልሞላላቸው ግን የተሻለ ያመጡ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ለጥቂት ወራት የ12ኛ ክፍልን ትምህርት ይከልሳሉ። የማለፊያው ውጤት 30 ከመቶ በዩኒቨርሲቲው፣ 70 ከመቶ ከማዕከል በሚመጣ ፈተና ይያዛል። የዩኒቨርሲቲ መምህርም ቢሆን በሚሰጠው ማርክ ሙሉ በሙሉ አልታመነም።