ተርብ ብለን የምንሸሻት የግንድ ዝንብ

ሃዋሳ አሞራ ገደል አሳ እየበላን፣ አጠገባችን የወደቀ አሮጌ ግንድ ላይ ቀጠን ያለች ጥቁርና ቢጫ ነገር አረፈችና ጓደኛዬ "ተርብ!" ብሎ አሳውን ጥሎ ተነሳ። ዙም አድርጌ ፎቶ አነሳኋት፣ ክንፏ ሁለት ብቻ። በቃ ዝንብ ናት።

ቢጫና ጥቁር ከሆነ ተርብ ነው የሚባለው ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ተርብ 4 ክንፍ አለው፣ ዝንብ 2፣ ከክንፏ ኋላ ደግሞ ሚዛን የምትጠብቅበት ጫፉ ድቡልቡል የሆነ ትንሽዬ ዘንግ አለ። ዛይሎማይዲ የሚባለው የእንጨት ወይም የግንድ ዝንብ ቤተሰብ ተርብ መምሰል ይችልበታል፣ አንቴናው ራሱ እንደ ቤት ዝንብ አጭር ሳይሆን ዘርዘር ብሎ የረዘመ ነው።

"እንጨት ውስጥ ከኖረ ሶፋዬን ይበላዋል" ለሚሉ፣ ኧረ ምስጥ አይደለም! እጩ፣ ማለት ገና ዝንብ ያልሆነው ትሉ፣ ጠፍጣፋ ነው፣ የሞተ ዛፍ ቅርፊት ስር ነው የሚኖረው።

ዋናው ግራ መጋባት ግን ከወታደር ዝንብ ጋር ነው፣ ያ ለዶሮ መኖ የሚያረቡት ብላክ ሶልጀር ፍላይ ያለበት ቤተሰብ። ዘመዳሞች ናቸው እውነት ነው፣ የሁለቱም እጭ ቆዳ ካልሲየም ካርቦኔት ስላለበት ጠንከር ይላል፣ ግን አንድ አይደሉም። እግሯን እዩ፣ ዛይሎማይዲ የመሃልና የኋላ እግሯ ቅልጥም ጫፍ ላይ ሹል ሹል እሾህ አላት፣ ወታደሮቹ ባብዛኛው የላቸውም። ክንፍ ላይ ደግሞ የወታደር ዝንብ ጅማቶች ወደ ፊተኛው ጠርዝ ተጨናንቀው የኋላዎቹ ስስ ናቸው፣ ክንፉ መሃል በጅማት የተከበበችው ክፍልም ትንሽ ናት፣ የዛይሎማይዲ ግን ጅማቱ ደህና ይታያል፣ የመሃሏም ክፍል ረዘም ያለች ናት። እኔ እግሩን ነው የማምነው፣ ስለዚህ ፎቶ ከጎን አንሱ፣ ከላይ ብቻ ካነሳችሁ እሾሁ አይታይም።

"የኋላ ጭኑ ወፍራም ካልሆነ ዛይሎማይዲ አይደለም" የሚልም አለ። ወፍራም ጭን ያላት ሶልቫ የምትባለው ወገን ናት፣ ከስሩ ትንንሽ ጥርስ ነገር አለው፤ ዛይሎማያ የምትባለው እዛው ቤተሰብ ውስጥ ሆና ጭኗ ቀጭን ነው።

መናደፍ? መናደፊያ የላትም፣ ጓደኛዬ አሳውን በከንቱ ነው የጣለው።