ድርቆሽ የተሞላው ቤተክርስቲያን

ሰላም ቅዱሳን! ሐጌ ምዕራፍ 1 ላይ ጌታ ሕዝቡን ሲወቅስ ታውቃላችሁ አይደል፣ የኔ ቤት ፈርሶ እያለ እናንተ ባማሩ ቤቶቻችሁ ትቀመጣላችሁ ወይ የሚለውን። እኔ ይሄን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ እንግሊዝ አገር ገጠር የኖሩ አንዲት እናት ናቸው፣ ሜሪ ፌራር።

እ.ኤ.አ. 1625 ለንደን ውስጥ ወረርሽኝ ገብቶ ሰው ይረግፋል። የፌራር ቤተሰብ የታወቁ ነጋዴዎች ነበሩ፣ ግን ብዙ የደከሙበት፣ አሜሪካ ውስጥ እንግሊዞችን ያሰፍር የነበረው የቨርጂኒያ ኩባንያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ፈርሶ እነሱም ዕዳ ውስጥ ገብተዋል። ስለዚህ ሁሉን ትተው ሀንቲንግደንሽር ውስጥ ሊትል ጊዲንግ ወደምትባል ቦታ ሄዱ። አጥቢያ ትባል እንጂ ሰዉ ለቆ ከሄደ ቆይቷል፣ ቤተክርስቲያኑ ድርቆሽ ታጭቆበት ጎተራ ሆኗል፣ አሳማም ያድርበታል።

ሜሪ ያኔ ከ70 በላይ ናቸው። ልጃቸው ኒኮላስ ከመንገድ ደክመዋልና ይረፉ ሲላቸው እምቢ አሉ፣ መጀመሪያ ቤተክርስቲያን። ሲሄዱ መግቢያ የለም፣ ውስጡ ሙሉ ነው፣ በሩ ላይ ተንበርክከው ጸለዩ። ከዛ መኖሪያ ቤቱን ሊያድሱ የመጡትን ሠራተኞች ጠርተው ይሄ ይጽዳ አሉ፣ እኛ ቤት ግን ይቆይ! መኖሪያው እኮ ራሱ ፈራርሶ ነበር። እኛ ብንሆን ቢያንስ ጣራዋን ላስጠግናት ከዛ እንል ነበር (እኔ በርግጠኝነት እል ነበር)።

ኒኮላስ የፓርላማ አባል የነበረ የተማረ ሰው ነው፣ 1626 ላይ ዲቁና ተቀበለ፣ ከዛ በላይ ሹመት አልፈለገም፣ 1637 እስኪሞት ዲያቆን ነው። ቤተሰቡ ከነልጆቹ ወደ ሠላሳና አርባ ሰው ይሆናል፣ በቀን ሦስቴ ቤተክርስቲያን ይሄዳሉ፣ በየሰዓቱ ቤታቸው ውስጥ መዝሙርና ወንጌል ይነበባል፣ ማታ ደግሞ ተራ ገብተው ከ3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ተንበርክከው ዳዊት ይደግማሉ። ዳዊት መድገም የኛ አገር ነገር ብቻ የሚመስለው ካለ ይሄው። እንዲህ ስላችሁ ገዳም አይምሰላችሁ፣ ባልና ሚስት አሉ፣ ልጆች አሉ፣ መሐላ የለም። አራቱን ወንጌላት በመቀስ ቆራርጠው እንደ አንድ ታሪክ አያይዘው ይለጥፉ ነበር፣ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ አንዱን ተውሶ ለወራት ካነበበው በኋላ ለኔም ሥሩልኝ አለ።

ግን ሁሉም አልወደዳቸውም፣ 1641 ላይ እነዚህ የሴት ገዳም ከፍተዋል የሚል የስድብ ጽሑፍ ለንደን ላይ ታትሞ ተሰራጨ። ኒኮላስ ሞቷል፣ የቀሩት ግን ጸሎታቸውን አላቆሙም። 1646 ያው ንጉሥ በጦርነት ተሸንፎ በሌሊት ሲሸሽ መጣባቸው፣ የኒኮላስ ታላቅ ወንድም ጆን ተቀብሎ እዛው አካባቢ ወዳለ ሌላ ቤት ወሰደው። ሰው ሲከብርም ሲዋረድም ያው በር ነው የተከፈተለት፣ ይሄ ለኔ ከንጉሡ ጉብኝት በላይ ትልቅ ነገር ነው።

የሚገርመኝ ግን የልጆቹ ነገር ነው። የአካባቢውን የድሃ ልጆች መዝሙረ ዳዊት በቃላቸው እንዲያጠኑ ይጠሯቸዋል፣ ለያንዳንዱ መዝሙር አንድ ፔኒ ይሰጣቸዋል፣ እሁድ መጥተው ያጠኑትን ካሉ በኋላ ምሳ ይበላሉ። አንዳንዱ በሳንቲም መንፈሳዊነት ይገዛል እንዴ ይል ይሆናል፣ እኔ ግን የተራበ ልጅ ባዶ ሆዱን ቃል ከምታስጠናው አብልተኸው ብታስጠናው ይሻላል ባይ ነኝ። እንግዲህ በየአጥቢያችሁ ሰንበት ትምህርት ቤት የምታስተምሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ለሚመጣው እሁድ መዝሙር 23ን ስጧቸውና ዳቦና ሻይ አዘጋጁ፣ ሒሳቡን ከቤታችሁ ዕድሳት ቀንሱት።