«መስከረም ሲጠባ ይለቀኛል»፦ በደሴና በኮምቦልቻ ስለ ክረምት ድብርት የሚነገሩ ስህተቶች እና እውነታው

ሐምሌ ሲገባ የጦሳ ተራራ በጉም ይሸፈናል፤ ደሴም ፀሐይ ሳታይ የምትውልባቸው ቀናት ይበዛሉ። «ሰውነቴ ይጫጫነኛል»፣ «ከአልጋ መነሳት አቃተኝ»፣ «ሰው ማየት አስጠላኝ» የሚለው ሮሮ የሚበረታውም ያኔ ነው። አብዛኛው የሚያልፍ መከፋት ነው። ከመካከሉ ግን ድባቴ የሚባለው ሕመም አለ፤ እሱን «የክረምት ነገር ነው» ብሎ መተው፣ መታከም የሚችል ሰው ለወራት እንዲሰቃይ ያደርጋል።

«በክረምት ቀኑ ስለሚያጥር ነው»

ይህ በሰሜን አገሮች እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ኖርማን ሮዘንታል እና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ ወቅት ጠብቆ የሚመላለሰውን ድባቴ በጥናት ሲገልጹ፣ ታማሚዎቻቸው የሚወድቁት ቀን በሚያጥርባቸው ወራት ነበር። ስቶክሆልም በታኅሣሥ የምታገኘው የቀን ብርሃን 6 ሰዓት ገደማ ነው። ደሴ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናት፤ የዓመቱ አጭር ቀኗ 11 ሰዓት ተኩል፣ ረጅሙ ደግሞ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ነው። ረጅሙ ቀን የሚውለው በሰኔ አጋማሽ፣ ልክ ክረምቱ ሲገባ ነው። እኛ ጋ ብርሃኑን የሚቀንሱት ደመናው፣ ጉሙ እና ከሁሉ በላይ ቤት ተዘግቶ መዋሉ ናቸው። ትምህርት ይዘጋል፣ የመነሻ ሰዓት ይጠፋል፣ ሰው ከብርድ ልብስ ውስጥ የሚወጣው ረፋድ ላይ ይሆናል።

«ፀሐይ ከሌለ መውጣቱ ምን ይጠቅማል?»

ብዙ የሚያሳስተው ይህ ነው፤ ዓይናችን ብርሃንን በትክክል ስለማይለካ። ሳሎን ውስጥ አምፖል በርቶ የሚገኘው ብርሃን በአብዛኛው ከ100 እስከ 300 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ነው። ደመና በሸፈነው ሰማይ ሥር፣ ደጅ ላይ ግን ከጥቂት ሺህ እስከ 10,000 ሉክስና ከዚያ በላይ ይገኛል። ሰማዩ ጠቁሮ ዶፍ ሊጥል ሲል ወደ 1,000 ወይም 2,000፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። ማመን ለሚቸግረው ሰው፣ በስልክ የሚጫን የብርሃን መለኪያ መተግበሪያ ልዩነቱን በግምትም ቢሆን ያሳያል፤ መጀመሪያ ሳሎን፣ ቀጥሎ በረንዳ ላይ ይለኩ።

የጠዋት ብርሃን በዓይን በኩል ገብቶ ለአንጎል ሰዓት «ነግቷል» የሚል መልእክት ያደርሳል፤ የእንቅልፍ ሆርሞን የሆነውን ሜላቶኒንንም ይቀንሳል። በሕክምና የሚታዘዘው መጠን 10,000 ሉክስ ለ30 ደቂቃ ነው፤ በ5,000 ሉክስ አንድ ሰዓት፣ በ2,500 ደግሞ ሁለት ሰዓት እንደማለት ነው። ስለዚህ በደመናማ ጠዋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ደጅ መሆን ይረዳል፤ ሰማዩ በጣም ከጠቆረ ግን ከዚያ በላይ መቆየት ያስፈልጋል። የሚዘንብ ከሆነ ሰማይ ወደሚታይበት አቅጣጫ ዞሮ በረንዳ ላይ መቀመጥ ይቻላል። ጥቁር ጃንጥላ ግን ብርሃኑን ይከልላል፤ ከተቻለ ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ ይሻላል። ከመስኮት አንድ ሁለት ሜትር ወደ ውስጥ ሲገቡ ብርሃኑ በፍጥነት ስለሚወርድ፣ ቤት የሚውል ሰው መቀመጫውን መስኮቱ ሥር ያድርግ፣ መጋረጃውንም ይግለጥ። የጠዋት ቡና የሚፈላም ከሆነ ረከቦቱ በር ላይ ይቀመጥ።

የጠዋት ብርሃን ሳይሠራ የሚቀረው ለምንድን ነው? ሁለት ቀን ሞክሮ መተው፣ እኩለ ቀን ላይ መጀመር እና ሲሻል ወዲያው ማቆም የተለመዱት ምክንያቶች ናቸው። ለውጡ የሚታየው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ወቅቱ እስኪያልፍ በየቀኑ ካልቀጠሉ ድብርቱ በቀናት ውስጥ ይመለሳል።

«ጫት ድብርት ያባርራል»

ወሎ ውስጥ ይህን መካድ የሚከብደው ለጥቂት ሰዓታት እውነት ስለሚመስል ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚያነቃቃ ንጥረ ነገር ነው፤ በምርቃናው ሰዓት ሐሳብ ይፈጥናል፣ ጨዋታው ይደራል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በርጫው ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ እስከ ማታ ሲዘልቅ እንቅልፍ ወደ ሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ይገፋል፤ ሰውየው ረፋድ ላይ ይነሳል፤ የጠዋቱ ብርሃን ያመልጠዋል፤ ሲነሳም የባሰ ተጫጭኖት ስለሚያገኘው መፍትሔውን ዳግመኛ በጫት ይፈልጋል። እንዲህ እየተደጋገመ ሐምሌና ነሐሴ ያልቃሉ፤ ጥፋቱ ሁሉ የሚላከከው ግን በዝናቡ ላይ ነው።

ማቆም ለሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ እንቅልፍ፣ መነጫነጭና መከፋት ይኖራል። ይህ ጫቱ ሲቀር የሚመጣ ስለሆነ በአብዛኛው በቀናት ውስጥ ይቀንሳል። በአንድ ጊዜ ማቆም ያልቻለ ቀኖቹንም መጠኑንም ይቀንስ፣ ሰዓቱንም ወደ ቀን ይሳብ። ለቡናም ቢሆን ከ9 ሰዓት በፊት ማብቃት እንቅልፍን ያተርፋል፤ ካፌይን ከአምስት ሰዓት በኋላም ግማሽ ያህሉ ደም ውስጥ አለና።

«ክረምት ላይ ከደከመኝ ድብርት ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። ብርድ ሽሽት በርና መስኮት ተዘግቶ ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይከማቻል። ሽታ የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ያመጣል፤ በብዛት ሲሆን ይገድላል። መለያው ቀላል ነው፦ ደጅ ሲወጡ የሚለቅ፣ ቤት ሲገቡ የሚመለስ፣ የቤቱን ሰዎች በአንድነት የሚይዝ ከሆነ ከሰሉን ይጠርጥሩ። ከሰል ደጅ ላይ ይንደድ፤ ፍሙን ወደ ተዘጋ ቤት ማስገባትም ሆነ ይዞ መተኛት በፍጹም አይገባም።

ደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ (ታይሮይድ) መድከምም ድካም፣ ብርድ አለመቻልና የስሜት መውረድ ያመጣሉ። ጤና ተቋም ሲሄዱ የሄሞግሎቢን፣ ከተቻለም የታይሮይድ ምርመራ ይጠይቁ። ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ካለ፣ በተለይ ከደሴ ዝቅ ባለችው በኮምቦልቻ የወባ ምርመራ ይቅደም።

«ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ መሰንበት ይበቃል»

ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ የምትገኘው ኮምቦልቻ ይሞቃል፤ ጉሙም ይቀንሳል። ለተከፋ ሰው ለውጥ ደግ ነው፤ ዘመድ ጋ መሰንበቱም ከብቸኝነት ያወጣል። ድባቴ የያዘውን ሰው ግን ሕመሙ አብሮት ይወርዳል።

«በየዓመቱ በዚሁ ወር ከመጣ ከአየሩ ነው»

ቀን መቁጠሪያው ሌላም ነገር ይዟል። በክረምት እህል ይወደዳል፤ ከመስከረም በፊት ደግሞ የልጆች ደብተር፣ ዩኒፎርምና ክፍያ ይመጣል። ፀሐይ ደምቃ በምትወጣበት በጥቅምትና በኅዳር የሚከፋቸው ሰዎችም አሉ። በ2014 ዓ.ም. በእነዚያው ወራት የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ ነበር፤ ሰው የሞተበት፣ ቤቱ የተዘረፈበት ሰው ወሩ ሲመለስ እንቅልፉ ቢረበሽ፣ ድምፅ ቢያስደነግጠው ከአየር ንብረት ጋር አይያያዝም። ለዚህ የሚያስፈልገው ያለፈውን ከሚያዳምጥ ባለሙያ ጋር መነጋገር ነው፤ የጠዋት ብርሃን ብቻውን አይፈውሰውም።

«መስከረም ሲጠባ ይለቀኛል»

ሊለቅም ይችላል። ግን መከፋቱ ወይም የነገር ሁሉ መሰልቸት ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ በየቀኑ ለማለት በሚያስችል ሁኔታ ከቆየ፣ ከዚያም ጋር የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ አቅም ማጣት፣ ራስን መውቀስ፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል ከተደራረቡ መስከረምን መጠበቅ ስህተት ነው። በሰሜን አገሮች የሚታየው የክረምት ዓይነት ብዙ መተኛትንና ዳቦና ጣፋጭ መመኘትን ያመጣል፤ እንቅልፍ የሚነሳና ምግብ የሚዘጋም አለና «እኔ አልተኛም፣ ስለዚህ ድባቴ አይደለም» አይባል።

ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል፤ ደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ፍሉኦክሰቲን የሚባለው የድባቴ መድኃኒት ከታዘዘ በተለምዶ በቀን በ20 ሚሊግራም ጠዋት ይጀመራል። በመጀመሪያው ሳምንት ማቅለሽለሽና መቅበጥበጥ ሊኖር ይችላል፤ መሻሉ የሚጀምረው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠው ከዚህ በፊት ነው። ሱስ አያስይዝም፤ ግን በድንገት አይቆምም፤ ከተሻለ በኋላም ቢያንስ ከ6 እስከ 9 ወር ይቀጥላል። ከዚህ ቀደም ሳይተኙ ጉልበት የሚሞላበት፣ ገንዘብ የሚበተንበት፣ ንግግር የሚበዛበት ጊዜ ከነበረ ሳይደበቅ ይነገር፤ መድኃኒቱ ያንን ሊቀሰቅስ ይችላል። ጫት መቃሙም ይነገር።

ጸበል የሚጠመቅም፣ ለዱዓና ለወዳጃ (ተሰብስቦ ለሚደረግ ጸሎት) የሚቀመጥም መድኃኒቱን ሊያቋርጥ አይገባም፤ ሁለቱ አይጣሉም። በጾም ወቅት የመውሰጃውን ሰዓት ከባለሙያው ጋር ማስተካከል ነው።

«ውጭ ያለው ልጃችን ሰንፏል»

ከስዊድን ወይም ከሚኒሶታ የሚደውል ልጅ ከኅዳር እስከ የካቲት ድምፁ ከጠፋ፣ ስንፍና ከማለት በፊት ይህን ሕመም ያስቡለት። እዚያ የሚሸጠው የብርሃን ሣጥን 10,000 ሉክስ የሚሰጥና አልትራቫዮሌት ጨረር የሚያጣራ መሆን አለበት። በነቃ በመጀመሪያው ሰዓት፣ አምራቹ በጻፈው ርቀት (ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር) ከፊቱ ያስቀምጠዋል፤ ዓይኑን ገልጦ ይቀመጣል፤ መብራቱን ግን አፍጥጦ አያይም። ማታ ከተጠቀመበት እንቅልፍ ይነሳዋል። የዓይን ሕመም ያለበት ወይም ከላይ የተጠቀሰው ሳይተኙ ጉልበት የመሙላት ታሪክ ያለው ሐኪም ሳያማክር አይጀምር።

«ስለ ሞት መጠየቅ ሐሳቡን ያመጣበታል»

አያመጣበትም፤ መጠየቅ ሸክሙን ያቃልላል። «መኖር ሰልችቶሃል ወይ? ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በእርጋታ፣ ለብቻ ሆኖ መጠየቅ ይቻላል። መልሱ አዎ ከሆነ አይቆጡ፣ አይምከሩም፤ መጀመሪያ ያዳምጡ። ብቻውን አይተዉት፤ የነቀዝና የፀረ ተባይ መድኃኒት፣ የተከማቸ ክኒንና የጦር መሣሪያ ከቤት ይውጡ፤ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ሲሄዱ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነማሸጊያቸው ይያዙ።