በእንግሊዝ የጠጠር ጉድጓዶች የጸደይ ወፍ ምልከታ

እንግሊዝ ውስጥ ጸደይ ሲገባ ብዙ የወፍ ተመልካቾች ባይኖኩላራቸውን አንግተው የሚሄዱት ድሮ ጠጠር ይወጣባቸው ወደነበሩ ጉድጓዶች ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤትና መንገድ በብዛት ሲሠራ፣ ለኮንክሪት የሚሆን ጠጠርና አሸዋ ከወንዝ ሸለቆዎች ተቆፍሮ ወጣ። ቁፋሮው አልቆ ውሃ የሚያወጣው ፓምፕ ሲቆም የከርሰ ምድር ውሃ ጉድጓዱን ይሞላዋል። ኬንት የሚገኘው የሰቨንኦክስ ጉድጓድ ከ1956 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሐኪሙ ጄፍሪ ሃሪሰን መሪነት ለወፎች እንዲመች ተስተካክሏል። ኖቲንግሃም አጠገብ ያለውን የአተንቦሮ ጥብቅ ስፍራ ደግሞ ዴቪድ አተንቦሮ በ1966 መረቀው።

በፈረንጆቹ ማርች ቀድመው ብቅ የሚሉት ሳንድ ማርቲን የሚባሉት ትናንሽ ወፎች ናቸው። ብርዱን ከሰሃራ በረሃ በስተደቡብ ባለው ሳህል አካባቢ አሳልፈው ይመጡና፣ ቆፋሪዎች የተዉትን የአሸዋ ገደል ሰርስረው ይራባሉ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሳህል በድርቅ ሲመታ እንግሊዝ ውስጥ ቁጥራቸው ክፉኛ አሽቆልቁሎ ነበር። ኤፕሪል ላይ ተርን የሚባሉት የውሃ ወፎች ይደርሳሉ። ሜይ ላይ ደግሞ ሆቢ የምትባለው ፈጣን ጭልፊት ከውሃው በላይ ነፍሳት እያሳደደች ታድናለች፤ ይህን ማየት በእውነት ያስደስታል።

ከሁሉም ይበልጥ የጉድጓዶቹ ውለታ ያለባት ሊትል ሪንግድ ፕሎቨር የምትባለው ትንሽ የውሃ ዳር ወፍ ናት። ብሪታንያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትራባ የታየችው በ1938 ነው። ከዚያ በኋላ የጠጠር ቁፋሮ በተስፋፋበት ሁሉ እሷም ተስፋፋች። እንቁላሏን የምትጥለው ባዶ ጠጠር ላይ ነው፤ ቀለሙ ከጠጠሩ ጋር ስለሚመሳሰል አጠገቡ ቆሞም ላይታይ ይችላል። የዚሁ ዝርያ ወፎች በእኛ በጋ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ይታያሉ።

ችግሩ ቦታው ዝም ከተባለ ጠጠሩን ሣርና ቁጥቋጦ ይውጠዋል። ያ ለፕሎቨር መጥፎ፣ ናይቲንጌል ለምትባለው ዘማሪ ወፍ ግን ጥሩ ነው። ካምብሪጅሻየር ያለው ፓክስተን ፒትስ የታወቀው በናይቲንጌሎቹ ዝማሬ ነው፤ እነሱ የሚፈልጉት ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ነው። ስለዚህ አንዱ ጥግ ይመነጠራል፣ ሌላው ይተዋል። ይህ የማያልቅ ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው በበጎ ፈቃደኞች ነው፤ ትልቅ ክብር ይገባቸዋል።

ለማየት የሚመረጠው ማለዳ ነው። ሌሊቱን ዝናብ ከጣለ ደግሞ እሰየው፤ በጉዞ ላይ ያሉ ወፎች አየሩ ሲከፋባቸው ውሃው ዳር ያርፋሉ። ተመልካቹ በተሠሩት የእንጨት መደበቂያዎች ውስጥ ተቀምጦ ከሩቅ ያያል። ፕሎቨርን ጎጆዋ ላይ ሆን ብሎ መረበሽ በሕግ ያስጠይቃል።