ጣና ዳር የሰማኋቸው የባሩድ ስህተቶች

እሁድ ዕለት ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቡና ይዘን ለጓደኞቼ ከስልኬ አንድ ቪዲዮ አሳየኋቸው። አሜሪካ ሳለሁ የምተኩስበት ሽጉጥ ነው። በ1858ቱ ሬሚንግተን አምሳል ጣሊያን አገር የተሠራ ስድስት ጎራሽ። ጥይት አይጎርስም፤ ጥቁር ባሩዱ (ጢሳሙ የጥንቱ ባሩድ)፣ እርሳሱና መለኮሻ ቆቡ (ሲመታ ባሩዱን የሚለኩሰው ትንሽ ቆብ) ለየብቻ ነው። ጢሱ ስክሪኑን ሲሸፍነው ሁሉም ባለሙያ ሆነ።

«ያው የአያቶቻችን ውጅግራ ነዋ!»

አይደለም። ውጅግራ የ1874ቱ የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ ነው፤ ስሙም የመጣው ከፈረንሳይኛው ነው። ጥቁር ባሩድ ይተኩሳል፣ ግን ባለ ቀለህ ነው።

«ባሩድ ባሩድ ነው፤ ከጥይት አውጥተህ ጨምርበት»

ይሄኛው እጅ ያስቆርጣል። የዛሬ ጥይት ውስጥ ያለው ጢስ አልባ ባሩድ ነው። የእሱን ግፊት የዚህ ሽጉጥ ብረት አይችለውም፤ ትንሽም ቢሆን ይበትነዋል።

«ባሩዱ በበዛ ቁጥር ኢላማው ይሻላል»

የሚበዛው ጢሱና ርግጫው ነው። ለባለ 44 ካሊበር ሽጉጥ ብዙ ሰው የሚጠቀመው ከ20 እስከ 30 ግሬን ነው፤ ከ2 ግራም በታች ማለት ነው። ጣሪያው የአምራቹ ወረቀት ላይ አለ። የእኔ በ25 ነበር ደህና የሚመታው። የሚለካውም በሚዛን ሳይሆን በስፍር ነው፣ ልክ ጤፍ በጣሳ እንደሚሰፈረው።

ታዲያ ማሳነስም ጣጣ አለው። እርሳሱ ባሩዱ ላይ ካላረፈ፣ መሃል ባዶ ቦታ ከቀረ አደገኛ ነው። ባሩዱ ሲያንስ ክፍተቱን በበቆሎ ዱቄት እሞላው ነበር። (አዎ፣ የገንፎው። ሳቁ።)

«ቆብ እንደሆነ ያው ቆብ ነው»

እኔን ያስለቀሰኝ ይሄ ነው። ቆቧ ከምስር ፍሬ ብዙም አትበልጥም። 10 እና 11 ቁጥር አለ፤ የአንዱ ፋብሪካ 10 ግን ከሌላው 10 ጋር ላይገጥም ይችላል። ከሰፋች ትወድቃለች፣ ወይም ተሰነጣጥቃ ትገባና ማዞሪያውን (ባሩድና እርሳስ የሚጎርሱት ስድስት ጉድጓዶች ያሉበትን ተሽከርካሪ ብረት) ታስይዘዋለች። ከጠበበች ደግሞ የመጀመሪያው ምት ወደ ታች ገፍቶ ያስቀምጣታል እንጂ አይለኩሳትም። ቃታ ስስብ «ቀጭ»፤ ማዞሪያው ዞሮ እዚያችው ቆብ ላይ ሲመለስ ደግሜ ስስብ «ድው»። ሁለት ጥቅል ከጨረስኩ በኋላ ነው የገባኝ። መፍትሔው አፈሙዙን ወደ ኢላማው አድርጎ በቁራጭ እንጨት ቀስ ብሎ መጫን ነው። ካልተኮሰም አፈሙዙን ሳያዞሩ አንድ ደቂቃ ያህል መጠበቅ።

«ቅባት ከቀባህ እሳቱ ወደ ሌላው ጉድጓድ አይዘልም»

ቅባት ይረዳል፣ ግን ዋናው የእርሳሱ ልክ ነው። እርሳሱ ከጉድጓዱ ትንሽ መብለጥ አለበት። ሲጠቀጠቅ ዙሪያው ተልጦ ቀጭን የእርሳስ ቀለበት ይወድቃል። ቀለበቷን ካላየሁ አልተኩስም ነበር።

«ዘይት ቀብተህ ታስቀምጠዋለህ»

መጀመሪያ በሞቀ ውሃና በሳሙና፣ ያውም በዚያው ቀን። የጥቁር ባሩድ ጥላሸት እርጥበት ይስባል። የባሕር ዳር ክረምት ላይ ቢሆንማ ዝገቱን በማግስቱ ታየዋለህ።

«አምሳያ ስለሆነ ፈቃድ አይጠይቅም»

ይሄ ወሬ የመጣው ከአሜሪካ ነው። እዚያ በ1968ቱ የፌዴራል ሕግ እንዲህ ያለው ከጥንታዊ ስለሚቆጠር ቁጥጥሩ ይላላል፤ እዚያም ቢሆን ግዛቱ ይለያያል። እዚህ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ አይያዝም። የእኔም እዚያው ቀረ፤ ይዤ የመጣሁት ቪዲዮውን ነው።